ትብለጥ የማታውቀው ድንኳን ገባች

በዚህ ታሪክ መጨረሻ የምትሰሙትን አባባል ዛሬ የማይለው የለም። ልጁን ትምህርት ቤት ሊያስገባ የተነሳ ሁሉ ይጠቅሰዋል። ማን አለው ብላችሁ ብትጠይቁ ግን አንዱ "መምህር እገሌ" ይላል፣ አንዱ "በሬዲዮ የሰማሁት ነው" ይላል፣ ሌላው ጭራሽ "መጽሐፍ ላይ አለ" ይላል። መጽሐፍ ላይ! ደህና ነገር ሲነገር የተማረ ሰው አፍ ውስጥ ካልከተቱት እንቅልፍ አይወስዳቸውም። አባባሉ የወጣው አዳማ ውስጥ፣ ከእድር ድንኳን ሥር፣ ንፍሮ እየተበላ ነው። ምክንያት የሆነችውም ሴት ስሟን ጽፈው ቢያሳዩዋት አትለየውም። ትብለጥ ትባላለች። ዛሬ የሚጠይቃት የለም፤ ያኔም አልነበረም።

ትብለጥ የደሴ ሰው ናት። ባሏ በልጅነቷ ሞቶባት፣ በርበሬና ቅመም እየሸጠች አንድ ልጇን ታምራትን አስተማረች። ተማረ፣ ባንክ ገባ፣ አገባ፣ ሴት ልጅ ወለደ። ባንኩ ወደ አዳማ ሲያዛውረው ሚስቱ ሥራዋን እስክታስረክብ ደሴ ቀረች፤ እሱ ልጁን ሄራንንና እናቱን ይዞ በነሐሴ ወር አዳማ ገባ። ለትብለጥ አገሩ ነፋስና አቧራ ሆነባት። ሰላም የምትለው ሰው እንኳ አልነበራትም።

ሄራን ሰባት ዓመቷ ነው። ቃል ይይዛታል። ቤት ውስጥ ለአያቷ ስታወራ ለጉድ ነው፤ ቃሉ መሃል ላይ ይይዛታል፣ ይለቃታል፣ ትቀጥላለች። ትብለጥ ግድ አልነበራትም። በቆሎ እስኪጠበስ የሚጠብቅ ሰው የልጅ ቃል እስኪወጣ ቢጠብቅ ምን ይጎድልበታል? ግን ደሴ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ አንድ ቀን ተነስተሽ አንብቢ አሏት። ተነሳች፣ ቃሉ ያዛት፣ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ አስተማሪው ሳይቀር ሳቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሄራን ከቤት ውጭ አፏን ከፍታ አታውቅም። አባቷ ነገሩን ካላነሱት የሚጠፋ ይመስለዋል፤ ለጠየቀው ሁሉ "ዓይን አፋር ናት" ይላል። ትብለጥም ብትሆን የቤቷን ገመና ለባዳ የምታወራ ሴት አይደለችምና ዝም አለች። ሌሊት ሌሊት ግን አንድ ነገር ያባንናታል፤ ልጅቷ ሁለተኛ ከተሳቀባት ያ አፍ ለዘለዓለም ይዘጋል።

ታምራት ትምህርት ቤት መፈለግ የጀመረው በስልኩ ነው። ሶፋው ላይ ተጋድሞ ጣቱን እያንሸራተተ ሥዕል ያያል። የመሥሪያ ቤቱን ሰዎች ጠየቀ፣ ሚስቱን አማከረ፣ ቤት ያከራየውን ሰውዬ ጠየቀ፣ የባጃጅ ነጂ ሳይቀር ጠየቀ።

"አንተ፣ እኔ ምላስ የለኝም?" አለችው እናቱ አንድ ቀን።

"እማዬ፣ አንቺ አገሩን አታውቂውም።"

"አንተስ? አብረን አይደል ከአውቶቡስ የወረድነው?"

"ስልኩ ላይ ሁሉም አለ።"

"ሁሉም ካለ እስቲ የጎረቤታችንን ስም ንገረኝ። እሳት ቢነሳብን ማንን ብዬ ልጥራ?"

ታምራት ሳቀ። እናቱ ስትቀልድ ነው የመሰለው።

የመረጠው ትምህርት ቤት ከአስፋልቱ ዳር የቆመ፣ ፊቱ በሙሉ ሰማያዊ መስታወት የሆነ ሕንፃ ነበር። ትብለጥም አብራ ሄደች፤ ሐሳብ እንድትሰጥ ሳይሆን የልጅቷን እጅ እንድትይዝ። ዘበኛው እንደ ወታደር ሰላምታ ሰጣቸው። ቢሮው ውስጥ ያለው ቅዝቃዜ የደሴውን የጦሳን ተራራ ብርድ አስታወሳት። አንዲት ጥፍሯን የተቀባች ወይዘሪት ፈገግ ብላ ተቀበለቻቸው፤ ፈገግታው ግን ለታምራት ብቻ ነበር።

"የአባት ሥራ?"

"ባንክ።"

"መኪና አላችሁ ወይስ የኛን ሰርቪስ ትጠቀማላችሁ? ቤት ውስጥስ በምን ቋንቋ ነው የምታወሩት?"

"በአማርኛ ነዋ!" አለች ትብለጥ። "በምን ልናወራ ኖሯል?"

"እናት፣ እባክዎ" አለች ወይዘሪቷ ሳታያት። ከዚያ ወደ ሄራን ጎንበስ ብላ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቀቻት። ሄራን ወደ አያቷ ነጠላ ውስጥ ገባች።

"ዓይን አፋር ናት" አለ ታምራት ቶሎ ብሎ።

"ችግር የለም። እኛ ጋ ዓይን አፋርነት አንድ ወር አይቆይም። አዲስ የገባ ልጅ ሁሉ ጠዋት ሰልፍ ላይ ማይክ ይይዛል። ስሙን፣ የመጣበትን አገር ይናገራል፣ ሌላው ያጨበጭባል። በሳምንቱ አፋቸው ይፈታል።"

የሄራን ጥፍር በትብለጥ መዳፍ ውስጥ ተቀበረ።

"ሰማሽ?" አለ ታምራት ውጭ ሲወጡ፣ ፊቱ በርቶ። "አፏን ይፈቱላታል።"

"ልጅ ናት ወይስ ቋጠሮ?"

"እማዬ፣ ዘመኑ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከጉርድ ፎቶዋ ጋር እሷን ይዤ ከተመለስኩ አለቀ። ከዚያ በኋላ ምዝገባው ይዘጋል።"

"በዚህ ሁሉ ከተማ ሌላ ትምህርት ቤት ጠፋ?"

"አንድ አለ፣ ለኛ የሚቀርብ። ያውልሽ።" በአገጩ ወደ ውስጥ ወደሚያስገባው መንገድ አሳያት።

ትብለጥ ዞራ አየች፤ ባላየች ይሻላት ነበር። ግንቡ ግማሹ ሐምራዊ፣ ግማሹ ብርቱካናማ፣ በላዩ ላይ ደግሞ አረንጓዴ ጠቃጠቆ ያለበት ነው። በሩ በሰንሰለት ተከርችሟል። ቀኑ ማክሰኞ፣ ሰዓቱ ገና ስድስት።

"በምዝገባ ሰሞን በሩን ዘግቶ የሚተኛ ትምህርት ቤት!" አለች። "ይሄስ ይቅር።"

እናትና ልጅ በዚያ ሰሞን የተስማሙት በዚህ ብቻ ነው። አዎ፣ ትብለጥም በበር ፈረደች። በበር መፍረድ የተማረ ሰው በሽታ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ታምራት ፎቶውን ሊያመጣ ወደ ከተማ ሄደ፤ ትብለጥና ሄራን በእግራቸው ወደ ቤት ተመለሱ። ትብለጥ እግሯ ይራመድ እንጂ ልቧ ማይክራፎኑ ላይ ቀርቷል። ልጇን እንቢ ብትለው "አንቺ ምን ታውቂያለሽ" ይላታል፤ እሺ ብትል ደግሞ ልጅቷን በገዛ እጇ ለመሳቂያ ልታስረክብ ነው። እንዲህ ስታስብ መታጠፊያው ላይ የለቅሶ ድንኳን አየች።

የደሴ ሰው ድንኳን አልፎ አይሄድም። የማን ነው አይልም፣ ሃይማኖቱንም አይጠይቅም። ደግሞም ትብለጥ አንድ የምታምነው ነገር አላት፤ አገር የሚታወቀው በለቅሶው ነው። ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ ልጅቷን ያዘች፣ ገባች። "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ብላ ከበሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከድንኳኑ ወዲያኛው ጥግ ፍራሽ ላይ ጥቁር የለበሰች ሴት አንገቷን ደፍታለች፤ ፊቷ አይታይም።

ንፍሮ የምታዞረው ወይዘሮ ጫልቱ፣ የእድሩ ሴት፣ ሰሃን አቀበለቻትና አጠገቧ አረፍ አለች።

"ለሟቹ ምኑ ነዎት እማማ?"

"ምኑም አይደለሁ። ድንኳን አየሁ፣ ገባሁ። እናንተ አገር ድንኳን ታልፎ ይኬዳል?"

"ኧረ አይኬድም! ከወዴት ነዎት?"

"ከደሴ።"

"እኔም ከአነጋገርዎ ጠርጥሬያለሁ። የወሎ ሰው ለቅሶና ሰርግ አያልፈውም።"

"ሰርጋችሁንማ አላየሁም፤ ማን ጠርቶኝ!" አለች ትብለጥ፤ ወዲያው ወደ ጉዳይዋ ገባች። "ስሚኝማ ልጄ። ለዚህች ልጅ ትምህርት ቤት አጥተን ተቸግረናል። አንዱ መስታወት ነው፤ ገብቼ አየሁት፣ ልቤ አልወደደውም። እውነቱን የሚነግረኝ ሰው ስፈልግ ነው የዋልኩት።"

ጫልቱ ወደ ፍራሹ ሰረቅ አድርጋ አየች። "ትምህርት ቤትማ… አንድ እዚሁ አለ…"

"ያን ዝንጉርጉር እንዳትነግሪኝ!"

ጫልቱ ጉልበቷን ነካች አደረገቻት። ትብለጥ ግን አንዴ ከተነሳች የሚመልሳት የለም።

"ምን ትነካኪኛለሽ? እውነቴን ነው! ያን ግንብ የቀባው ሰው በጨለማ ነው የቀባው ወይስ ዓይኑን ታሞ? ሐምራዊ ከብርቱካን ጋር! በሬ ቢያየው ይደነብራል። ደግሞ በሥራ ቀን በሩን ጥርቅም አድርጎ! ምን ዓይነት ሰነፍ ቢሆን ነው ባለቤቱ? እንዲህ ያለ ሰው ነው ልጅ የሚያሳድገው?"

ካርታ የሚጫወቱት ወንዶች እጃቸው አየር ላይ ቀረ። የእድሩ ዳኛ ኦቦ ጉታ፣ ሽበታም ሽማግሌ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እትዬ" አሏት በቀስታ፣ "በሩ የተዘጋው ባለቤቱ ስለ ሞተ ነው። መምህር ግዛቸው ይባላል። ይህ ድንኳን የሱ ነው። ግንቡንም የቀባው እሱ ራሱ ነው፣ በገዛ እጁ።"

ትብለጥ በሕይወቷ ብዙ ተናግራለች፤ ተናግራ የተጸጸተችበት ቀን ግን አልነበረም። ያን ቀን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ሹልክ ብሎ መውጣት አማራት፤ ኩራቷ ግን አልፈቀደላትም፤ አጥፍቶ መሸሽ የሌባ ነው። ተነሳች፣ ልጅቷን እየጎተተች በዚያ ሁሉ ዓይን መሃል አቋርጣ ወደ ፍራሹ ሄደችና ጎንበስ አለች።

"ልጄ፣ አላወቅሁም። ምላሴን ይቁረጠው።"

የሐዘንተኛዋ ትከሻ ይንቀጠቀጣል። ሴቶቹ ውኃ አምጡ ተባባሉ። ቀና ስትል ግን ሴትዮዋ እያለቀሰች አልነበረም፤ ትስቃለች። እንባዋ እየወረደ ትስቃለች።

"ስንት ዓመት ለመንኩት!" አለች የመምህሩ ሚስት ፋናዬ፣ ትምህርት ቤቱን አብራው የምትመራው። "ስንት ዓመት! ሐምራዊ ከብርቱካን ጋር አይሆንም አልኩት። በሬ ይደነብራል ግን አላልኩትም፤ ብለው ኖሮ ምናልባት ይሰማኝ ነበር።"

አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣት፣ ሌላዋም ተከተለች፣ ወንዶቹም አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

"ልጆቹን ሰብስቦ ምን ይቀባ አላቸው" ብላ ቀጠለች ፋናዬ አፍንጫዋን እየጠረገች። "አንዱ ሐምራዊ አለ፣ አንዱ ብርቱካን አለ፣ አንዷ አረንጓዴ። ማንንም ማስከፋት አልሆነለትም፤ ሁሉንም ቀባው። አንተ ሰው፣ ወላጅ ይሸሽብናል ስለው፣ 'ወላጅማ በር ላይ ጥሎ ነው የሚሄደው፤ ግንቡን ሲያዩ የሚውሉት ልጆቹ ናቸው' አለኝ።"

ፋናዬ ዓይኗን ስታብስ ነጠላው ሥር ሁለት ትናንሽ እግሮች አየች። ስሟን አልጠየቀችም። ስንተኛ ክፍል ናት አላለችም። እግሮቹን አየቻቸውና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

"ምን ያስፈራታል?" አለች።

ትብለጥ "ዓይን አፋር ናት" ልትል አፏ ደርሶ ነበር። ግን ባሏን ገና ትናንት የቀበረች ሴት ፊት ውሸት ያንቃል። ጎንበስ ብላ በጆሮዋ ሁሉንም ነገረቻት፤ ቃሉን፣ ክፍሉን፣ ሳቁን፣ ዝምታውን። ለባዳ የቤቷን ገመና ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር፤ ስትጨርስ ትከሻዋ ላይ የነበረ ሸክም የወረደላት ያህል ቀለላት።

ፋናዬ "አይዞሽ" አላለችም፣ ልጅቷንም ተናገሪ አላለችም። ፍራሹ ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠቻትና የንፍሮ ሰሃኑን ከፊቷ አኖረች።

"እኔ ከትናንት ጀምሮ እህል ባፌ አልዞረም" አለቻት። "ሽምብራውን ብቻ ለይተሽ ብታስቀምጪልኝ ግን ልቀምስ እችል ይሆናል።"

ሄራን አያቷን አየች። ከዚያ ከነጠላው ሥር ወጣችና ተቀመጠች። ሽምብራውን አንድ በአንድ እየለቀመች በአንድ በኩል ትከምር ጀመር። ሰው ወደ ጨዋታው ተመለሰ። ድንገት ልጅቷ ቀና አለች።

"ስ… ስ… ስ…"

ጫልቱ፣ ደግ ሴት ናትና፣ ልትረዳት አፏን ከፈተች። ፋናዬ ሳትዞር እጇን አነሳች፤ ጫልቱ አፏን ዘጋች። ፋናዬ ዓይኗን ከልጅቷ ዓይን ሳትነቅል ጠበቀች። አልቸኮለች፣ ከንፈሯን አላንቀሳቀሰች፣ አላዘነችላትም። ሩቅ መንገድ እንደሚመጣ እንግዳ ቃሉን ጠበቀችው።

"ስ… ስንዴውስ ለ… ለማን ነው?"

"ስንዴው ላንቺ ነው" አለች ፋናዬ፤ ሽምብራውንም አንስታ በላች። የእድሩ ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ፤ ባሏ ከሞተ ጀምሮ የቀመሰችው የመጀመሪያ እህል ይህ ነበር።

ትብለጥ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። የምታለቅስ መሰላቸው፤ አዎ ታለቅስ ነበር፣ ግን ለሟቹ አልነበረም። ከደሴ ይዛው የመጣችው ፍርሃት ነበር የሚወጣው።

ይህ ሲሆን ታምራት መንደሩን ሲያስስ ቆይቶ፣ በመጨረሻ እናቱን በሩቅ አይቶ ድንኳኑ በር ላይ ደረሰ። ላብ አጥምቆታል፣ ፎቶውን በፖስታ ይዟል። ጎንበስ ብሎ ሰዉን እየረገጠ ወደ እናቱ መጣና በሹክሹክታ፣

"እማዬ፣ አብደሻል? ባጃጅ ውጭ አቁሜያለሁ! ይዘጋብናል!" አላት።

ከፍራሹ ላይ ሌላ ድምፅ መለሰለት።

"አ… አባዬ፣ ዝ… ዝም በል። ሰው አ… አዝኗል።"

በዚያ ሁሉ ሰው መሃል። ማንም አልሳቀም። አንድ ሰውዬ ብቻ "እውነቷን ነው፣ ቁጭ በል" አለው። ታምራት አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፤ ልጁን አያት፣ እናቱን አየ፣ እንደገና ልጁን አየ። ጫልቱ የሆነውን ሁሉ በጆሮው ነገረችው።

"በሩ መቼ ይከፈታል ልጄ?" አለች ትብለጥ ፋናዬን።

"ከሣልስቱ በኋላ እከፍተዋለሁ። ብዘጋው ማታ በሕልሜ መጥቶ ይጨቀጭቀኛል።"

ታምራት ግን የተማረ ሰው ነውና ልቡ ቢሞቅም ጭንቅላቱ አልተኛም። አጠገቡ ወዳሉት ወደ ኦቦ ጉታ ጠጋ አለ።

"አባቴ፣ ይህ ትምህርት ቤት… ላብራቶሪ አለው? የፈተና ውጤታቸውስ እንዴት ነው? በእንግሊዝኛ ነው የሚያስተምሩት?"

ሽማግሌው መልስ ሳይሰጡት ትብለጥ ሰማች።

"ታምራት!"

"አቤት እማዬ።"

"ባጃጁን መልሰው። ፎቶውን ለፋናዬ ስጣት። ነገም በጠዋት ተነስተህ እዚህ መጥተህ ከወንዶቹ ጋር ወንበር ትደረድራለህ፤ እድር ትገባለህ፣ እንደ ሰው ሰው ታውቃለህ።"

"ዝም ብዬ? አንድም ነገር ሳልጠይቅ?"

ኦቦ ጉታ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ ሽምብራ የምትለቅመውን ልጅና ጥቁር የለበሰችውን ሴት አዩና፣ "ልጄ" አሉት፣ "በለቅሶው ስለ ልጅህ ለጠየቀ፣ ልጅህን ሳትጠይቅ ስጠው።"